«ግን» ታሪክ አትገድልም

የዓድዋ በዓል ነበር። እዚህ በምሥራቅ ጎጃም፣ ሉማሜ፣ በአንድ አዳራሽ ተማሪዎች ጋሻና ጦር ይዘው ሸለሉ፣ ፎከሩ፤ እኛ ታላላቆቹ ፊት ወንበር ላይ ተደርድረን አጨበጨብን። መጨረሻ ላይ «ጥያቄ ያለው አለ?» ሲባል ከኋላ አንድ ቀጭን ልጅ ብድግ አለ። «ካሸነፍን ታዲያ ኤርትራ ለምን ጣልያን እጅ ቀረች?» አለ። አልተሳለቀም፣ አልተሳደበም፤ ጠየቀ። መድረኩን የያዘው ሰው ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ «ዛሬ የድል ቀን ነው፤ እንዲህ ያለውን ለሌላ ጊዜ እናቆየው፤ ተቀመጥ» አለው። አዳራሹ ሳቀ። ልጁ ተቀመጠ። እኔም ዝም አልኩ።

ስንወጣ በር ላይ ጠብቆ ስልኩን አሳየኝ። በሦስት ደቂቃ ቪዲዮ አንድ ሰው ዓድዋ ድል የሚባል እንዳልሆነ፣ ምኒልክም አገር ሸጠው እንደተመለሱ ይናገራል። ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ እውነቷ አንዲት ናት፤ ኤርትራ በጣልያን እጅ መቅረቷ። ልጁ ቀሪውንም ያመነው በእርሷ ምክንያት ነው። እኛ የነፈግነውን አንድ እውነት የሰጠው ሰው ሌላውን ውሸት አብሮ ሸጠለት። «መምህር፣ ስትደብቁን የኖራችሁት ይሄን ነው?» አለኝ።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ልጅ ነው። የምከራከረው መድረክ ላይ ከነበረው ሰው ጋር ብቻ አይደለም፤ «ተቀመጥ» ከሚለው አስተሳሰብ ጋር ነው። አስተሳሰቡ በየትምህርት ቤቱ፣ በየማኅበሩ፣ በየሬዲዮው አለ። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ድሉን ተናገር፣ «ግን» የምትለዋን ተዋት።

ክርክራቸውን ሳላሳንስ ላቅርበው፤ የሚናቅ ክርክር አይደለምና። አንደኛ፣ አገር የምትቆመው በኩራት ነው ይላሉ፤ ለልጅ በአንድ እጅህ ጀግና ሰጥተህ በሌላው ከነጠቅኸው ምን ይዞ ያድጋል? ሁለተኛ፣ ገመና ይሸፈናል ይላሉ፤ ጠላት የሚፈልገው ስንጥቅ ነው፣ ራስህ ካሳየኸው ሽብልቅ አቀበልኸው። ሦስተኛ፣ ታሪክን እንዲህ እያገላበጡ መፈተሽ የፈረንጅ አመል ነው ይላሉ፤ ፈረንጅ የራሱን ጉድ ሸፍኖ የእኛን ይቆፍራል። አራተኛ፣ ጊዜው አይደለም ይላሉ፤ ሕዝብ በቆሰለበት ዘመን የድሮ ቁስል አይነካም። ይህን የሚሉት ክፉዎች አይደሉም። ብዙዎቹ አገራቸውን ከልብ የሚወዱ ናቸው፤ እኔን ያስተማሩኝም አሉባቸው። እንዲያም ሆኖ በአራቱም ተሳስተዋል።

ከኩራቱ ልጀምር። ዓድዋ ያለ «ግን» እንዴት እንደሚተረክ ሁላችንም እናውቃለን፤ ዐፄ ምኒልክ ክተት አሉ፣ ከአራቱም ማዕዘን ሕዝብ ነቅሎ ወጣ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ጣልያን ድል ሆነ። ሁሉም እውነት ነው። አሁን የቀረውን ጨምሩበት። ዓድዋ ላይ የጎጃምን ጦር ይዘው የተሰለፉት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ በ1874 እምባቦ ላይ ከእኒሁ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው፣ ተሸንፈው ተማርከው ነበር። በ1881 ደግሞ ሁለቱ በዐፄ ዮሐንስ ላይ መከሩ ተብሎ የዮሐንስ ጦር ጎጃም ገብቶ አገሩን አራቆተው። ዐፄ ዮሐንስ በዚያው ዓመት መተማ ላይ ወደቁ፤ ልጃቸው ራስ መንገሻም ለምኒልክ ንግሥና በቀላሉ አልገበሩም። በዚህ ሁሉ ላይ ክፉ ቀን መጣ፤ ጣልያን በምፅዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር የገባው በሽታ በሬውን ፈጀው፣ ሞፈርና ቀንበር ያለ ጥማድ ቀሩ፣ ሕዝቡ በረሃብ አለቀ። እንግዲህ የካቲት 23 ጎህ ሲቀድ በዓድዋ ተራሮች ሥር እነማን ቆመው ነበር? የማረከና የተማረከ። የተራቆተው አገር ጦርና ያራቆተው ንጉሥ ልጅ። ሁሉም ከረሃብ በወጡ በጥቂት ዓመት ውስጥ።

«ግን»ን ካወጣችኋት ዓድዋ የተዋደዱ ሰዎች ድል ይሆናል። ከመለሳችኋት የተቀያየሙ ሰዎች ድል ይሆናል። የትኛው ይከብዳል? የተዋደደማ የትም አገር አብሮ ይዋጋል። ቂሙን በጉያው ይዞ፣ የትናንት ባላጋራውን ጀርባ ከጥይት ለመከለል የቆመ ሰው ግን ብርቅ ነው። ዛሬ እርስ በርሱ ለተኳረፈ ሕዝብ ልጅ የሚበጀው የትኛው ዓድዋ ነው? ያለ እንከን የተሠራው፣ ፈጽሞ ሊደርስበት የማይችለው? ወይስ እንደ እርሱ አባቶች የተቀያየሙ ሰዎች የሠሩት፣ እርሱም ሊሠራው የሚችለው?

ልጁ ለጠየቀው ጥያቄም መልስ ነበረው። ጦሩ ስንቁን ጨርሷል። አገሩ ከረሃብ ገና ማገገሙ ነው። ጣልያን በምፅዋ በኩል ተጨማሪ ጦር እያወረደ ነው። ምኒልክ የመረብን ወንዝ ተሻግረው ላለመግፋት ወሰኑ። በጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል የውጫሌ ውል ተሰረዘ፣ ጣልያን የኢትዮጵያን ነፃነት ተቀበለች፤ መረብ ማዶ በእጇ ቀረ። ይህን ውሳኔ አስተዋይነት የሚለው አለ፤ የማይሽር ጠባሳ ያተረፈልን ስሕተት የሚለው አለ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሁለቱን መዝኖ መፍረድ ይችላል። የማይችለው ያልነገሩትን መመዘን ነው።

ከዚህም የሚከብድ አለ። ለጣልያን የተዋጉ በመቶ የሚቆጠሩ የአገር ልጆች ከተማረኩ በኋላ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ነጮቹ ምርኮኞች ግን በአብዛኛው ተጠብቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ባልጽፈውስ? የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች መረብ ማዶ አሉ። እኛ ስላልተናገርነው እነርሱ የረሱት ይመስለናል?

ቀለል ያለ ምሳሌ ልጨምር። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶን አሸነፈ። ይህን ያልሰማ የለም። የሚቀረው በአራት ዓመቱ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ፣ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ እንደገና በዓለም ክብረ ወሰን ማሸነፉ ነው። የሮሙን ብቻ ያወቀ ልጅ ድሉን ከጫማ ማጣት ጋር ያያይዘዋል፤ ድህነት ራሱ ያሸነፈ ይመስለዋል። የቶኪዮውን የጨመረ ሰው ግን ድሉ የልምምድ፣ የሳንባና የልብ እንደነበር ይረዳል። «ግን» ጀግናውን አሳነሰችው ወይስ አተለቀችው?

ወደ ገመናው እንለፍ። ገመና ይሸፈናል ላሉት የምጠይቀው አንድ ነው፤ የማን ገመና?

በላይ ዘለቀ አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ በምሥራቅ ጎጃም ሸለቆና ተራራ ጣልያንን ሲያስጨንቅ ኖረ። ነፃነት ሲመጣ ደጃዝማችነት ተሰጠው፣ ቢቸናን ገዛ። ብዙም ሳይቆይ ከመንግሥት ጋር ተጣላ፤ ተዋግቶ ተያዘ፤ በጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። የሰቀለው ጣልያን አይደለም። አምስት ዓመት የተዋጋለት ዙፋን ነው። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል፤ በየበዓሉም «ለአገሩ ነፃነት የተሠዋ» ይባላል። «ተሠዋ» ይባላል፤ ማን እንደሠዋው አይነገርም። በአንዲት ግሥ ገመዱም፣ ፈራጁም፣ ምክንያቱም ተሸፈኑ። የበላይን ክብር ለመጠበቅ ነው? ሞቱን የሰወሩበት ጀግና ምን ክብር ቀረው? ገመና የሚሸፈነው ለተበደለው ሰው ክብር ሲባል ነው። የበደለውን ለመከለል ሲውል ስሙ ገመና አይደለም፤ ተባባሪነት ነው።

ከጥቅሙ አንጻርም እንየው። አርበኞች ተዋግተው፣ በስደት የቆየና ለጣልያን ያደረ ሹመት አገኘ የሚለው ቅሬታ የዚያን ትውልድ አንጀት ያሳረረ ነው። የበላይን አሟሟት በሙሉ ያልተማረ ሰው ያ ቅሬታ ከየት እንደመጣ፣ ጎጃም ከነፃነት በኋላ ደጋግሞ ለምን እንደሸፈተ ሊገባው አይችልም። ገመዱን ስትደብቅ ምክንያቱንም ደበቅህ፤ ሽፍትነት በጎጃሜ ደም ውስጥ ያለ ይመስል ለሐሜተኛ አጋለጥኸን።

ለእኛ ለዚህ አገር ልጆች የሚያመውን «ግን»ም ልጥራው። በ1933 መጋቢት መጨረሻ ላይ በኮሎኔል ማራቬንታኖ የሚመራው የጣልያን ጦር ደብረ ማርቆስን ለቅቆ ወደ ዓባይ ሸሸ። አንዳንድ የእንግሊዝ መኮንኖች እንደጻፉት፣ በላይ ያን ጦር መሻገሪያው ላይ ሊመታው ሲችል አሳለፈው፤ ምክንያቱም ለጣልያን ያደሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በጋብቻ ተስፋ ስላባበሉት ነው። ይህን በዚህ አካባቢ ስናገር የሚቆጣኝ ሰው ብዙ ነው። ቁጣው ይገባኛል። ግን ክሱ በእንግሊዝኛ ታትሞ ዓለም ሲያነበው ኖሯል፤ ያልሰማነው እኛ ብቻ ነን። በችሎት ሕግ ክሱን አልሰማም ብሎ የቀረ ሰው አያሸንፍም፤ በሌለበት ይፈረድበታል። በላይን ያስፈረድንበት እኛው ነን።

ክሱን የሰማ ሰው ግን መሟገት ይችላል። ምስክሮቹ እነማን ናቸው? ያው ጦር ከእጃቸው ያመለጣቸው፣ ላመለጣቸውም ጦር ምክንያት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ናቸው። የበላይን ቃል የተቀበለ ማን ነው? እውነት ቢሆንስ? የአንድ ቀን መሻገሪያ የአምስት ዓመት ዱር ይሽራል? እኔ አይሽርም ባይ ነኝ፤ ለዚህም መሟገቻ አለኝ። መሟገቻውን ያገኘሁት ግን ክሱን አንብቤ እንጂ ጆሮዬን ደፍኜ አይደለም።

የድል በዓል የምናከብርበት ሚያዝያ 27ም እንዲሁ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ጣልያን ከገባበት ቀን ልክ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ከተማይቱን የእንግሊዝ ጦር የያዛት ግን ከዚያ ቀደም ብሎ መጋቢት 28 ነው። ጎንደርም እስከ ኅዳር 1934 በጣልያን እጅ ቆይታለች። በጥር 1934 የተፈረመው ውል ደግሞ ለእንግሊዝ በአገራችን ጉዳይ ላይ ብዙ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። ይህን ስንደብቅ አንድ ሰው ይነሣና «ነፃ ያወጣችሁ እንግሊዝ ነው» ይለናል፤ እኛም አፋችን ይያዛል። ራሳችን ብንናገረው ግን ቀጣዩን ዐረፍተ ነገር የምንጽፈው እኛ ነን፦ ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ ሲገቡ መንገዳቸው በጎጃም የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ የጎጃም አርበኛ ጣልያንን ከምሽጉ እንዳይርቅ አድርጎት ስለቆየ ነው።

ሦስተኛው ክርክር «ግን» የፈረንጅ ናት የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው አገሩን አላወቃትም። ዲማ ጊዮርጊስን፣ መርጡለ ማርያምን፣ ደብረ ወርቅን ያፈራ አገር ላይ ቆሞ እንዴት እንዲህ ይባላል? የመጻሕፍት ጉባኤ ላይ የተቀመጠ ሰው ያውቃል፤ መምህሩ አንዱን ቃል በአንድ መንገድ ይፈታና «አንድም» ይላል፤ ሌላ ፍቺ ያመጣል፤ ደግሞ «አንድም» ይላል። የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ጋር የሚጋጭ ቢሆን እንኳ አይጥለውም፤ ሁለቱንም ለደቀ መዝሙሩ ያስረክባል። በእግዚአብሔር ቃል ላይ «አንድም» ማለት ያልፈራ ሕዝብ በንጉሥ ታሪክ ላይ «ግን» ማለትን ከማን ተምሮ ፈራ?

ዳዊት የማይደገምበት ቤተ ክርስቲያን የለንም። ያ ዳዊት በኦርዮ ሚስት ምክንያት የሠራውን በደል መጽሐፉ አልሸፈነም፤ መዝሙር 50 ራሱ የዚያ በደል ንስሐ ነው። በዚህ የተነሣ ዳዊት መድገም የተወ አለ? ይልቁንም የበደለ ሰው ሁሉ ወደዚያች መዝሙር የሚሮጠው ደጋሚው እንደ እርሱ የወደቀ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

ስለ ታሪክ አጻጻፍም ቢሆን የራሳችን ምስክር አለን። ዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1901 ሮም ላይ «ዳግማዊ ምኒልክ» የሚለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ለምኒልክ ሙገሳ እንጂ «ግን» የማይገኝበት መጽሐፍ ነው። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1904 ገደማ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ»ን ጻፉ፤ የአገሪቱን ድክመት ሳይፈሩ አወጡት፣ ታሪክ ጸሐፊም የማያዳላ ልብ እንዲኖረው ጠየቁ። በኋላ ጣልያን አገሪቱን ሲይዝ ለእርሱ ያደሩት ማን ነበሩ? አሞጋሹ አፈወርቅ። ገብረ ሕይወት ከወረራው ከብዙ ዓመት በፊት በ1911 ቢያርፉም፣ አገር እንዴት ከባዕድ ጥገኝነት ትድናለች የሚለውን ሲመረምሩ ነበር ያረፉት። ሙገሳ ታማኝነት አይደለም። የሚያመውን የሚነግርህ ሁሉ ጠላትህ እንዳልሆነ፣ የሚያሞግስህም ሁሉ ወዳጅህ አይደለም።

«ፈረንጅ የራሱን ይሸፍናል» የሚለውስ? አዎ፣ ይሸፍናል። በመሸፈኑ ተጠቀመ ወይ ነው ጥያቄው። ሜይ 8 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. አውሮፓ በናዚ ላይ ያገኘውን ድል ሲያከብር፣ በዚያው ቀን አልጄሪያ ውስጥ ሴቲፍ ከተማ ነፃነት እንፈልጋለን ብለው በወጡ ሰዎች ላይ የፈረንሳይ ኃይሎች ተኮሱ፤ በተከታዮቹ ሳምንታት ሺዎች አለቁ። ፈረንሳይ ያን ቀን በድል በዓልነት ብቻ አከበረችው። አልጄሪያውያን ግን በልቅሶ ያስቡት ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ተኩል ሳይሞላ ጦርነት ተነሣ። ሃይቲን ደግሞ ተመልከቱ። ባሪያዎች ጌቶቻቸውን አሸንፈው በ1804 እ.ኤ.አ. ነፃ አገር አቆሙ፤ የጥቁር ሕዝብ ኩራት ናት፣ ከዓድዋ ጋር አብራ የምትጠራ። በ1825 እ.ኤ.አ. ግን የፈረንሳይ የጦር መርከቦች መጥተው፣ ለቀድሞ ጌቶች ካሣ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካልከፈልሽ ነፃነትሽን አንቀበልም አሏት። በኋላ ቢቀነስም ከፈለች፤ ለመክፈልም ተበደረች፤ ዕዳው ትውልድ በላ። «ግን»ን ያላወቀ ሰው የዛሬዋን ሃይቲ ድህነት አይቶ ነፃነት አይገባቸውም ነበር ይላል። «ግን»ን ያወቀ ሰው የሚፈርደው በሌላ ነው። እንግዲህ የሃይቲን ክብር የጠበቃት ማን ነው? ዝም ያለው ወይስ የተናገረው?

የመጨረሻው ክርክር ለሰሚ በጣም የሚጥመው ነው፤ ጊዜው አይደለም።

ለዚህ የቤቴን ነገር ላውጣ። አባቴ ካረፉ በኋላ ሣጥናቸውን ስንከፍት በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር አገኘን። የከበረ ነገር መስሎን ፈታነው። የግብር ደረሰኞች ናቸው፤ ጠርዛቸው በልቷል፣ ቀለሙ ወይቧል፣ በዓመተ ምሕረት ተራ ተደርድረው በክር ታስረዋል። እኝህ ሰው በ1960 «ግብር አንከፍልም» ብለው ከሸፈቱት ጋር ዱር የገቡ ሰው ናቸው።

ያ የ1960 ዓመፅ በዚህ አገር እንዴት እንደሚተረክ እናውቃለን። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ፤ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሡ፤ ጦርና አውሮፕላን ቢዘምትባቸውም አልተበገሩም፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ የዓመታት ውዝፍ ግብር ተማረ። ጎጃሜ መንግሥትን አንበረከከ፤ አለቀ። የአባቴ ሻሽ ግን ሌላ ይናገራል። ግብር የተጠላ ነገር ቢሆን ደረሰኙ በሻሽ ይጠቀለል ነበር? የግብር ደረሰኝ የርስት ማስረጃ ነበር፤ ባላጋራ ሲነሣ ዳኛ ፊት የሚወጣው እርሱ ነው። የተፈራው ብሩ ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ይለካል፣ ከተለካም ርስቱ ይነጠቃል የሚለው ነው። ዓመፀኞቹ ገዥውን ከሰሱ እንጂ ዘውዱን አልካዱም፤ ሹሙ ክፉ ነው፣ ንጉሡ አያውቁም ይሉ ነበር። ያ ሁሉ ደም የፈሰሰበት ርስትም ሰባት ዓመት አልዘለቀም ማለት ይቻላል፤ የካቲት 25 ቀን 1967 በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የግል መሆኑ ቀረ።

እነዚህን ሦስት «ግን»ዎች ያላወቀ ወጣት ከ1960 ምን ይማራል? ሸፍት፣ ይሰጥሃል የሚለውን ብቻ። ያወቃቸው ግን ይጠይቃል፤ ሕዝብ የተጠየቀውን ሳይሆን የፈራውን የሚሰማ መንግሥት ቢኖር ያ ሰው ሁሉ ይሞት ነበር? ገዥ መሻር ሥርዓት መለወጥ ነው? በጠመንጃ የዳነ መሬት በወረቀት ሲሄድ ለምን ዝም ተባለ? እነዚህ ጥያቄዎች የድሮ ናቸው? ወይስ የዛሬ?

አባቴን በሕይወት ሳሉ አልጠየቅኋቸውም። ጊዜው አይደለም እያልኩ፣ ሰው ፊት ነው እያልኩ፣ ደክሟቸዋል እያልኩ። ዛሬ ሻሹ አለ፤ መላሹ የለም። በ1960 ሃያ ዓመቱ የነበረ ሰው አሁን ወደ ሰማንያ ተጠግቷል። ጊዜው መቼ ነው ታዲያ? ሁሉም ካረፈ በኋላ? «ጊዜው አይደለም» የሚለው ሰው ቀን ቆርጦ አያውቅም፤ ቀን የማይቆረጥለት ቀጠሮ ደግሞ ክልከላ ነው። ቁስል ስላልተነካ አይሽርም፤ ሥር ይሰዳል።

ለሌላኛውም ወገን ቃል አለኝ፤ ዝም ብዬ ካለፍኩት አድልቻለሁና። «ግን»ን ይዞ ነገሩን ሁሉ የሚያፈርስ ሰው አለ፤ ያ የስልኩ ሰውዬ ዓይነት። ኤርትራ ቀረች፣ ስለዚህ ዓድዋ የለም። እንግሊዝ ረዳ፣ ስለዚህ አርበኛ የለም። ይህም ያው ጥፋት ነው። አንዱ ከ«ግን» በኋላ ያለውን ቆርጦ ይጥላል፣ ሌላው ከ«ግን» በፊት ያለውን። ሁለቱም የሚያስረክቡን ግማሽ ዐረፍተ ነገር ነው። «ግን» በሰዋስው መስተጻምር ናት፤ ሁለት ነገር ታያይዛለች እንጂ አንዱን አትሰርዝም። ዓድዋ ድል ነው፣ ግን መረብ ማዶ ቀረ። መረብ ማዶ ቀረ፣ ግን ዓድዋ ድል ነው። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ መናገር የቻለ ሰው ነው ታሪክ አወቀ የሚባለው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ አባቶች። ግማሽ እውነትም እንደ ስንቅ ነው፤ በመንገድ ያልቃል፤ ልጆቻችንም ባለቀበት ሰዓት የሚያገኙት የሌላ ሰው እጅ ነው። ኩራት የፈለገ የተቀያየሙትን ሰዎች ዓድዋ ያስተምር፤ ከዚያ የሚበልጥ ኩራት የለንም። ጠላት የፈራ «ግን»ን ቀድሞ ራሱ ይናገር፤ የተነገረ ምሥጢር ለጠላት አይጠቅምም። ባህሌን ያለ «አንድም»ን ያስታውስ። ቁስል ያሳሰበው ሽማግሌው ሳያርፍ ሄዶ ይጠይቅ። ጀግኖቻችንን ከእንከናቸው ጋር መቀበል ካቃተን የወደድናቸው እነርሱን አይደለም፤ ምስላቸውን ነው። እኔ በላይን የምወደው ከነገመዱ፣ ከነዓባዩ ነው። ዓድዋን የምወደው ከነመረቡ ነው። የአባቴንም ዓመፅ ከነደረሰኙ።

በሚቀጥለው የካቲት 23 በዚያ አዳራሽ እንደገና እንሰበሰባለን። ጋሻና ጦሩ ይውጣ፣ ፉከራው ይሰማ፣ ጭብጨባውም ይቅለጥ። ከዚያ በኋላ ግን ያን ልጅ አስነሡት። ጥያቄውን ሙሉውን፣ ሳይቸኩል ይጠይቅ። መልሱንም ሳይሳቅበት፣ ሙሉውን ከእኛው አፍ ይስማ። እኔ በበኩሌ በዚህ ጊዜ ዝም አልልም።